ህንዶች ከሰማይ ያዩት ማሽላችን

ባለፈው ሰሞን ጥርስ ሐኪም ቤት ተራዬን ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የህንድ ሮኬት ሲተኮስ ያሳይ ነበር። ድምፁ ተዘግቷል። እሳቱ ከሥር ቦግ አለ፣ ሮኬቱ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ከዚያ ሠራተኞቹ ታዩ። ሳሪ የለበሱ፣ ፀጉራቸው ላይ አበባ የሰኩ ሴቶች እያጨበጨቡ ይተቃቀፋሉ። አጠገቤ የተቀመጠች የኖርዌይ አሮጊት ፈገግ ብላ «ሲያምሩ!» አለችኝ። «ያ» አልኳት፣ አዎ ማለቴ ነው። የታመመው ጥርሴ ራሱ ተረሳኝ። ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም፣ ነርሷ መጥታ ትከሻዬን ነካችኝ። ሰው ሁሉ ሮኬት ሲያይ ወደ ላይ ነው የሚያየው። እኔ ቁልቁል፣ ወደ ቆቦ ሜዳ፣ ወደ እናቴ ማሽላ ነው የማየው። ያ ሁሉ ዓመት ሄዶ ዛሬም እንደዚያው ነኝ።

ህንድን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ። ቆቦ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ቪዲዮ ቤት ነበር። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነው፣ በገበያ ቀን ሰባ አምስት ያደርጉታል። እኛ የገጠር ልጆች ቅቤና እንቁላል ሸጠን፣ ለእማየ ጨው ከገዛን በኋላ፣ የተረፈችውን ሳንቲም ጨብጠን እንገባለን። ያኔ ያማረባት ሴት ማለት ኮንጎ ጫማ ያደረገች፣ አበባ ያለበት ሻሽ ያሰረች፣ ክንዷ ላይ ቀይ የመስታወት አምባር የደረደረች ናት። እኔ ሦስት አምባር ነበረኝ፣ ሲጋጩ እንዲሰሙ ብዬ እጄን አወዛውዝ ነበር። ፊልሙ ህንድኛ ነው፣ የሚገባው ሰው የለም። ባለቤቱ ግን ቆሞ ይተረጉምልናል። ህንድኛ አንዲት ቃል አያውቅም፣ ወላሂ አንዲት ቃል፣ ነገር ግን ሁሌም ልክ ነበር። «አሁን ልጇን ልታገኘው ነው፣ ሴቶች ሻሻችሁን አዘጋጁ!» ይለናል፣ እኛም ለማልቀስ እንሰናዳለን። ልጁ በባቡር ይጠፋል ወይ በጎርፍ ይወሰዳል፣ እናትየው ፀጉሯ እስኪሸብት ትፈልገዋለች፣ መጨረሻ ላይ አንድ ዘፈን ይዘፈንና ይገናኛሉ። ያልተገናኙበት ፊልም አላየሁም። ከዚያ እየዘፈንን፣ ቃሉን እየፈጠርን፣ በማሽላው መሀል አቋርጠን ወደ ቤታችን እንገባለን። ማሽላው ከራሳችን በላይ ነው። ከውስጡ ሆነሽ ስታይ ሰማዩ እንደ ቀጭን መቀነት ነው የሚታየው።

የህንዶቹ ሳተላይት ወደ ሕይወቴ የገባበት ዘመን ኦስሎ ራሷ ያልተጨረሰች ቤት የምትመስልበት ነበር። የወደቡ ሰፈር ቢየርቪካ እንደ ዛሬው አልነበረም። ኦፔራው ብቻውን እንደ አሞሌ ጨው ነጭ ሆኖ ውሃው ዳር ተቀምጧል፣ ዙሪያው ጭቃ፣ ክሬን፣ የብረት አጥር። ረጃጅሞቹ ቢሮዎች ተራ በተራ ይበቅላሉ። አንዱ ባለቀ ቁጥር አብራኝ የምታጸዳው አስቴር «እልል በይ፣ የምንወለውለው ጨመረልን!» ትለኛለች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ አፏ አያርፍም። እኔ ያኔ ካገለገለ ልብስ መሸጫ የገዛሁት ወይን ጠጅ ካፖርት ነበረኝ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚወርድ፣ ዋጋው ሰማንያ ክሮነር። «ይኸው እስላሟ ጳጳስ መጣች» ትለኛለች ገና ከሩቅ ስታየኝ። ማለዳ ከምኖርበት ከሊንደበርግ ቲ-ባነውን፣ የከተማውን ባቡር፣ ተሳፍሬ፣ አንዱን ጆሮዬን ለአምባሰል፣ አንዱን ለጣቢያው ስም ሰጥቼ እሄዳለሁ። ሰው ሁሉ አንገቱን ሸሚዙ ውስጥ ቀብሮ ይተኛል። ዛሬ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ወጣቶቹ ቡና በወረቀት ኩባያ ይዘው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ያ ጭቃ የት እንደገባ አላውቅም። ጭቃው ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? ያኔ ሰሚራ ገና ቤቷ ነበረች፣ ለዚያ ነው።

ሰሚራ የበኩር ልጄ ናት። አራት ዓመቷ ላይ ለእናቴ ትቻት ወጣሁ። እንዴት እንደወጣሁ ሌላ ታሪክ ነው፣ አሁን አልገባበትም። እሷን የማምጣቱ ጉዳይ ተጀምሮ ነበር፣ መልሱ ግን ዛሬ ነገ እያለ ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ሞላት። የማውቃት በስልክ ነው። ስልክ መደወል ደግሞ በዚያ ዘመን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ግሮንላንድ አደባባይ ጥግ ካለው ሱቅ ካርድ ይገዛል፣ ሃምሳ ክሮነር። ቀጭኔ የተሳለበት ይሻላል፣ አንበሳው ሌባ ነው፣ ደቂቃ ይበላል። በሳንቲም ትፍቂዋለሽ፣ ቁጥሩ እንደ ሰንሰለት የረዘመ ነው፣ አንዷን ከሳትሽ እንደገና። መንደራችን ውስጥ ሞባይል የያዘው ጎረቤታችን ሰይድ ብቻ ነበር። ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ይወጣል፣ ጮሆ እማየን ይጠራታል፣ እሷም እያለከለከች ትደርሳለች። «ደህና ነን» ትለኛለች። ሁልጊዜ ደህና ናቸው። ላሟ ስትሞት ደህና ነበሩ፣ ጎርፍ ጎተራውን ሲወስደው ደህና ነበሩ።

አባየ ሲሞትም ደህና ነበሩ። ደውዬ «አባየን አቅርቢልኝ» ስላት «መስጊድ ሄዷል» ትለኛለች። በሌላ ጊዜ «እርሻ ወርዷል»። በሌላ ጊዜ «ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል»። ብርድ ነው ብዬ ወፍራም ሹራብ ገዝቼ፣ ወደ አገር በሚሄድ ሰው ላኩለት። «ልክ ሆነለት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ልክ ሆነለት፣ እንዴት ደስ አለው መሰለሽ» አለችኝ እማየ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት አስቴርና የአገራችን ሴቶች ጥቁር ለብሰው ደረጃው ላይ ቆመዋል። ማንም አፉን ሳይከፍት ገባኝ። አባየ ሹራቡን ከመግዛቴ አስቀድሞ መቃብሩ ላይ ሣር በቅሎበት ነበር። ክፋት አይደለም፣ አውቃለሁ። ሰው አገር ያለ ሰው ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ፣ መንገድ ላይ ወድቆ እንዳይቀር፣ ተብሎ ነው። ሁላችንም እንዲህ እናደርጋለን። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ስልክ ለእኔ ስልክ መሆኑ ቀረ። «ደህና ነን» ስትለኝ እንቅልፍ አጣለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምት ቆቦ ላይ ዝናብ ዘገየ የሚል ወሬ መጣ። በአገራችን ማሽላው ካልያዘ የሚሆነው ይታወቃል። ደላላው ይመጣል። ልጃገረዶቹ ዞብል ተራራን ተሻግረው በአፋር በረሃ፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ ዐረብ አገር። የሚደርሱት ይደርሳሉ። የእኔ እኩያ ስንቷ በረሃ ላይ ቀረች። እኔ የፈራሁት ይህን ነው፣ ሌላ አይደለም። የአክስቴ ልጅ መኪያ ደሴ ሱቅ አላት፣ «ልጅቷን ላኪያት፣ ከልጆቼ ጋር ትማር» ብላኛለች። ለእማየ ይህንኑ ስነግራት ተቆጣች። «ለምን ብዬ ነው ልጄን ሰው ቤት የማስገባ? ተርበው ሰደዷት ሊባልብኝ? ማሽላው ደረቴ ላይ ደርሷል፣ አላህ ሰጥቶናል» አለችኝ። እንግዲህ ደረቷ ላይ ከደረሰ ልጅቷ ቤቷ ትቀመጥ፣ ትምህርቷን ትማር፣ እማየም ብቻዋን አትሁን። ውሸት ከሆነ ግን ዛሬውኑ አውቶቡስ መሳፈር አለባት። ማሽላውን አይቶ እውነቱን የሚነግረኝ ሰው ነበር የቸገረኝ። ማንን ልጠይቅ? ሰይድን ብጠይቀው እማየ አጠገቡ ቆማለች። የደሴዋ መኪያ ሜዳውን አታየውም።

ሊንደበርግ ባለው የሰፈር አዳራሽ የአስቴር ልጅ ሊዲያ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ድግስ ነበር። ዮናስን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከአገር ቤት ለትምህርት የመጣ ልጅ ነው፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ትሑት፣ ሳህኑን ራሱ የሚያጥብ። ምን እንደሚማር ሲጠየቅ «ከህንድ ሳተላይት የሚመጣ ሥዕል ነው የማጠናው» አለ። ሳተላይቱ መሬትን ለማየት የተሠራ ነው፣ አዝመራውን፣ ጫካውን፣ ውሃውን። በየጥቂት ሳምንቱ ተመልሶ በዚያው ቦታ ላይ ያልፋል። እሱ ደግሞ የወሎን ማሽላ ነው የሚመለከትበት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«እንዴ፣ ህንድ ከላይ እያየችን ነው? ሻወር ስንወስድስ?» አለች አስቴር።

«ልብስ እስኪያዩ አይደርሱም እትዬ አስቴር፣ አትስጊ።»

«አይ፣ እኔስ የሠጋሁት ዘፈኑን ነው። ወገቤን ይዤ ዛፍ ስዞር ቢቀርጹኝ!»

እኔ አልሳቅሁም። የወሎ ማሽላ ሲል ሳህኔን አስቀመጥኩ። ሰው ሲበተን፣ ጫማ በሚወለቅበት በር ላይ ጠብቄ ክንዱን ያዝኩት። «ወንድሜ፣ ቆቦን ታሳየኛለህ?» አልኩት። የሰሚራን ነገር፣ የእማየን ነገር፣ የአባየን ሹራብ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ። «አሳይሻለሁ» አለኝ። እኔ ያን ዕለት በደስታ ነው የሄድኩት። አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ህንድ ነው ሲለኝ አመንኩ። በቪዲዮ ቤታችን ህንዶች ልጇን ያላገናኟት እናት አልነበረችማ።

የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግድግዳዋ መስታወት የሆነ ትንሽ ክፍል አስገባኝ። መስከረም ነው፣ ውጭ ያለው ዛፍ ቅጠሉን እያራገፈ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ መጀመሪያ ያለፈውን ዓመት ቆቦ አሳየኝ። ያ ረቢ! ሜዳው በሙሉ ቀይ ነው። ከዞብል ሥር ጀምሮ እስከ ጎሊና ወንዝ ድረስ ደም የፈሰሰበት ይመስላል። «እሳት!» ብዬ ጮህኩ። አፌን በእጄ ያዝኩ። በመስታወቱ በኩል የሚያልፉት ተማሪዎች ዞረው አዩን። «ቆይ እትዬ ዘሃራ፣ ይሄኮ ያምናው ነው» አለኝና ሌላውን አመጣ። «ይሄ የዘንድሮው ነው።» ቀዩ የለም። ሜዳው ግራጫ ነው፣ እንደ ቀዘቀዘ አመድ፣ ወንዙ ዳር ብቻ እንደ ክር የቀጠነች ቀይ መስመር ቀርታለች። «አልሐምዱሊላህ!» አልኩ። «ጠፋ! እሳቱ ጠፋ! ሰላም ነው አይደል? ደህና ነው አይደል ወንድሜ?»

የዮናስ እጅ የኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ነበር፣ አንገቱን አቀርቅሮ ጣቶቹን ያያል። እኔ ደግሞ በደስታ አይኑን አላየሁትም። ክንዱን ይዤ እወዘውዘዋለሁ። «ንገረኝ እንጂ!»

«አዎ» አለኝ በመጨረሻ። «ደህና ነው እትዬ።»

ስልኬን አውጥቼ ያን ግራጫ ሥዕል ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አነሣሁት። አልከለከለኝም። ተሰናብቼው ስወጣ ተነሥቶ፣ እስከ በሩ ሸኝቶኝ፣ «እናቴን መሰልሽኝ» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፣ ምርቃት ነው የመሰለኝ። ያን ሳምንት ቢየርቪካ ወለሉን ስወለውል እያንጎራጎርኩ ነው። ከረሜላ ገዝቼ ለሥራ ጓደኞቼ አደልኩ። መኪያ ከደሴ ደውላ «ላኪያት ወይስ ምን ወሰንሽ?» ስትለኝ «አያስፈልግም፣ ህንዶቹ አይተውልኛል፣ ሰላም ነው» አልኳት። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት በሙሉ አንጀቴ የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

እሑድ አስቴር ቤት ሄድኩ። ስልኬን አውጥቼ የአገሬን ሥዕል አሳየኋት። «ይሄ ነው ቆቦ? ያልተወለወለ ወለል ነው የሚመስለው!» አለችኝ። ሊዲያ ሶፋው ላይ ተጋድማ ነበር፣ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፣ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ታንተ ዘሃራ፣ አክስቴ፣ ይሄ የሳተላይት ነው?»

«አዎ የኔ ልጅ። አምና እሳት ነበር፣ ቀይ በቀይ። ዘንድሮ ይኸው ጠፋ።»

«ናይ፣ ናይ፣ አይደለም» አለች ሊዲያ፣ ተነሥታ ተቀመጠች። «ቀይ እሳት አይደለም። ቀይ ቅጠል ነው። ትምህርት ቤት ተምረነዋል፣ ሳተላይቱ የሚያየው ብርሃን ለዓይናችን ስለማይታይ ተክሉን በቀይ ነው የሚያሳዩት። ደህና የበቀለ ነገር ሁሉ ቀይ ይሆናል።»

«ታዲያ ግራጫውስ?»

«ግራጫው? ግራጫው ምንም የለም ማለት ነው። ባዶ መሬት።»

«ሊዲያ!» አለች አስቴር። «ዝም በይ አንቺ! ምን አገባሽ!»

«ሞር፣ ጠየቀችኝ እኮ!» አለቻት እናቷን።

«ብትጠይቅሽስ! እንዲህ ይነገራል? ይሄ ልጅ!»

ልጅቷ ግራ ገብቷት አንዴ እናቷን አንዴ እኔን አየች። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። አላጠፋችማ። በዚያ ቤት ውስጥ እውነት እንዴት እንደሚነገር የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። እኔ ካፖርቴን አንሥቼ በደረጃው ወረድኩ፣ አንዱን ክንድ ብቻ እንዳጠለቅኩ ጣቢያ ደረስኩ። ዮናስን ከዚያው ደወልኩለት።

«በአላህ ይዤሃለሁ» አልኩት። «ቀዩ ምንድን ነው?»

ባቡር መጥቶ ሄደ።

«ማሽላው ነው እትዬ» አለኝ። «ቀዩ ማሽላው ነው። ዘንድሮ አልያዘም። ያቺ ወንዝ ዳር ያለችው ብቻ ናት የተረፈችው።» ከዚያ ቀጠለ። «እሳት ነው ብለሽ ደነገጥሽ፣ ከዚያ አልሐምዱሊላህ አልሽ፣ ያን የእናቴን የመሰለ ፊትሽን አይቼ እንዴት ልንገርሽ? ብቻሽን ቲ-ባነ ላይ እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው። እነ እትዬ አስቴርን ይዤ ቤትሽ ልመጣ ነበር፣ ሰብሰብ ብለን።»

ሰብሰብ ብለን! ገባችሁ? መርዶ ሊያረዳኝ ነበር፣ እንደ ወጉ። ልረግመው አፌን ከፈትኩ፣ ርግማን አልወጣኝም። የማላውቀው ነገር አላደረገማ። ህንዶች አልዋሹኝም፣ ያ ብረት ከሰማይ ሆኖ እንደ ሊዲያ ፊት ለፊት ነግሮኛል። በመሀል የቆመው የእኛ ሰው ነው፣ አዝኖልኝ ነው የደበቀኝ። ያዘነልኝ ሰው ሁሉ እንዴት እንደጎዳኝ ስቆጥር አያልቅም።

ቀጭኔውን ካርድ ፍቄ ለሰይድ ደወልኩ። ቁጥሩን ደጋግሜ ሳትኩት። እማየ እያለከለከች መጣች።

«ደህና ነን» አለችኝ፣ ገና ሳልጠይቃት።

«እማየ፣ ማሽላውስ?»

«ማሽላውማ እሸት ሆኗል። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ።»

«እማየ፣ አይቼዋለሁ። ከላይ አይቼዋለሁ።»

«ከየት ነው ከላይ?»

«ከሰማይ። ህንዶች አሳዩኝ። አመድ ነው። ምንም የለም። ሰሚራን አቅርቢልኝ።»

«ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች።»

«እጠብቃለሁ። አልዘጋውም።»

«ከዚያ ደግሞ ትምህርት ቤት ነው የምታልፈው…»

«ዛሬ እሑድ ነው እማየ!»

ነፋሱን ሰማሁ። ጉብታው ላይ ሁልጊዜ ነፋስ አለ። ሰይድ ከጎኗ «ንገሪያት እንግዲህ» ሲላት ሰማሁ። ከዚያ እናቴ፣ ያቺ አባየ ሲሞት ድምፅዋ ያልተንቀጠቀጠ ሴት፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «ሄደች» አለችኝ። «ባለፈው ገበያ ዕለት ሄደች። ከሰባት ልጃገረዶች ጋር። እኔ እንዳልሰማ ሌሊቱን ልብሷን በኩርቱ ፌስታል ቋጥራ አድራለች። 'ለእናቴ አትንገሪያት፣ ስደርስ እኔው እነግራታለሁ' ብላ ለሰይድ ልጅ ነገረቻት።» ካርዱ እዚያ ላይ አለቀ። ቀጭኔውም ሌባ ነበር ለካ።

እዚያው ጣቢያው ላይ ቆሜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። የመኪያ ድምፅ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው፣ «ላኪያት ወይስ ምን ወሰንሽ?»። መኪያ በደወለችልኝ፣ እኔ ከረሜላ ባደልኩበት ዕለት ሰሚራ ቤቷ ነበረች። አውቶቡሱም መናኸሪያው ውስጥ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስላለው ዘመን ብዙ አልጽፍም። ከስምንቱ ልጃገረዶች ሦስቱ ባሕሩን እንደተሻገሩ ተሰማ። ሰሚራ ከነሱ አንዷ ናት ያለ ሰው አለ፣ አይደለችም ያለም አለ። አንድ ጊዜ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ፣ ሳነሣው የባሕር ይሁን የመኪና ድምፅ ብቻ ነው፣ «ሰሚራ! ሰሚራ!» ስል ተቋረጠ። ያን ቁጥር እስከዛሬ እደውልለታለሁ፣ የለም ይለኛል። እማየ ዛሬም በሕይወት አለች። የራሷ ሞባይል አላት። ስለ ሰሚራ ስጠይቃት «ሰምቻለሁ፣ ደህና ናት አሉ» ትለኛለች። ከማን እንደሰማች አትነግረኝም። አስቴር ሥራውን ትታ ቫይትቬት ሰፈር ልብስ መስፊያ ከፍታለች። ሊዲያ ነርስ ሆናለች፣ በሽተኞቿ ይወዷታል አሉ፣ ግልጽ ናት ብለው። እኔ ጥርሴን ስታከም እንኳ ስልኬን አላጠፋም። ሐኪሙ ሲቆጣኝ አልሰማሁም መስዬ እቀመጣለሁ።

የዚያ እሑድ ማግስት ግን ወደ ዮናስ ሄድኩ። ያችው መስታወት ክፍል ናት። ሳያናግረኝ ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ዓይኑ አብጧል። «ፈልጋት» አልኩት።

«እትዬ ዘሃራ፣ ይሄ ሰው አያሳይም።»

«መንገዱን አሳየኝ። ዞብልን ከተሻገሩ በኋላ ያለውን።»

አሳየኝ። ከዞብል ወዲያ ቀይ የሚባል ነገር የለም። ነጣ ያለ፣ የተፋቀ ቆዳ የመሰለ አገር ነው፣ ጥቁር ድንጋይ እዚህም እዚያም ተበትኖበታል። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ «እዚህ ጋ ምንድን ነው? ይቺ ጥቁር ነገርስ?» እለዋለሁ። «ድንጋይ ነው» ይለኛል። «ይቺስ?» «የወንዝ ደረቅ መሄጃ ናት።» «ይቺስ?» አንዲቷ ነጥብ ከእናቴ ግቢ ትሰፋለች አለኝ፣ ቤቱም፣ በረቱም፣ ዛፉም አንድ ላይ ተጨፍልቀው አንድ ነጥብ ናቸው። ሃያ ሰው ተኝቶባት አይታወቅም። እሺ አልኩት፣ ግን ጣቴን አላነሣሁም። ከሰዓቱን በሙሉ ያን መንገድ ነጥብ በነጥብ ሄድንበት። ውሃ አላየሁበትም። ጥላም አላየሁበትም። ልጄ ኮንጎ ጫማ ይሁን ምን እንዳደረገች እንኳ አላውቅም ነበር።

ወደ ማምሻው ሌሎች ተማሪዎች ክፍሉን ይዘውት ኖሮ መጥተው ከመስታወቱ ውጭ ቆሙ። ዮናስ ወደ ቆቦ ተመለሰ፣ ወደዚያ ግራጫ ሜዳ፣ ሊዘጋው ሲል ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ አየኋት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ሥዕሉ የተነሣበት ቀን ነው።»

«መቼ ነው?»

ነገረኝ። ከገበያው ዕለት በፊት ነው።

«በፊት ነው?» አልኩት።

«በፊት ነው እትዬ።»

«ታዲያ ይሄ ሲነሣ እዚህ ውስጥ ነበረች?»

ዮናስ ዓይኑን ጠረገ። ጣቱን በግራጫው ላይ ቀስ አድርጎ እየጎተተ፣ ከጎሊና ወደ ላይ፣ ጉብታውን አልፎ፣ እናቴ ግቢ መሆን ያለበት ቦታ ላይ አቆመው። «እዚህ አካባቢ» አለኝ።

ተማሪዎቹ መስታወቱን አንኳኩ። ዮናስ እጁን ወደ ክዳኑ ዘረጋ።

«አትዝጋው» አልኩት።